ራሷን ማሞገስ ስላቃታት ልጄ

ለተከበራችሁ የልዩ ሕክምና ኮሌጁ የቅበላ ኮሚቴ አባላት፤
አዲስ አበባ

ጤናችሁ እንደ ማኅተማችሁ የደመቀ፣ ዕድሜያችሁም እንደ ማመልከቻ ቅጻችሁ የረዘመ ይሁን። እኔ ታናሹ የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ቄስ ምስጋኑ በለጠ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ልጄን እየሩስን «አመልካቿ ከሌሎች የሚለያትን አላሳየችም» ብላችሁ በአንድ መስመር ስላሰናበታችሁልኝ፣ የዘገየ ምስጋናዬን ለማቅረብ ብዕር አንስቻለሁ። በመግቢያ ፈተናው ከላሊበላ ተፈታኞች አንደኛ የወጣችው እርሷ ነበረች፤ ይሁንና ከሺህ አመልካች አርባ ብቻ ለሚወስድ ቤት ውጤት ብቻውን ምን ያደርግለታል?

አንደኛ፦ ቅጻችሁ «ከሌሎች አመልካቾች የሚለይዎትን በአንድ ገጽ ይግለጹ» ይላል። ልጄ መጀመሪያ ገጹን ሞልታው ነበር። ዓይናቸውን ታመው ወደ ጠበሉ የሚመጡ እናቶችን እጃቸውን ይዛ ላሊበላ ጤና ጣቢያ ድረስ በእግሯ እንደምታደርስ፣ ሐኪም ለመሆን የተመኘችውም አንዲት እናት ዘግይታ በመድረሷ ዓይኗ ሲጠፋ አይታ እንደሆነ ጽፋለች። እኔ አባቷ አንብቤ አፈርሁ። ቀኝ እጅሽ የምትሠራውን ግራ እጅሽ አትወቅ ተብሎ የለም ወይ ብዬ ሁሉንም አሰረዝኋት፤ በምትኩም «ከሌሎች የሚለየኝ የለም፤ ያወቅሁትን ያሳወቁኝ መምህሮቼ ናቸው» ብላ እንድትጽፍ መከርኋት። በእኛ አገር ሊቁም ስሙን የሚጽፈው «እኔ ታናሹ» ብሎ ነው፤ ሰሚውም ታናሽ አለመሆኑን ያውቃል። እናንተ የተጻፈውን እንዳለ ማመናችሁ ግን የልባችሁን ቅንነት ያሳያልና አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ የመሪነት ማስረጃ ጠይቃችኋል። እየሩስ ሁለት ዓመት ሙሉ በደጀ ሰላሙ ዐሥራ አንድ ልጆች ሰብስባ ሒሳብ አስጠንታለች። ይህንኑ በወረቀት እንዲያጸኑልን የቀበሌያችንን ሊቀ መንበር አቶ አረጋን ብንለምናቸው፣ «የወጣቶች ሊጉ የማያውቀውን መሪነት ማኅተም አልመታበትም» አሉን። ሦስት የሊጉ ስብሰባ ተገኝተው ጭብጨባ ያስጀመሩ ልጆች ግን በማኅተም ላይ ማኅተም ይዘው ሄዱ። ጭብጨባ ማስጀመርም መሪነት ነው፤ አልተቀየምሁም ብል ግን እዋሻለሁ።

ሦስተኛ፦ ልጄ መንግሥት የመደባትን የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ትታ እናንተን አንድ ዓመት ጠበቀች። በዓመቱ ብትመጣ «የዘንድሮ ተፈታኞች ብቻ» አላችኋት። ዛሬ ላሊበላ ከተማ በአንድ የጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ ውስጥ የሰው ማመልከቻ ትጽፋለች።

የቀረው ቅሬታዬ ቁጥር የለውም፤ በእናንተም ላይ አይደለም። ዝም አይነቅዝም እያልሁ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ለካ ይነቅዛል። መልሳችሁ የመጣ ዕለት እየሩስ አልወቀሰችኝም፤ ወረቀቱን አጣጥፋ «እግዜር ያላለው ነው፣ አባ» ብላኝ እንስራዋን አንሥታ ውኃ ወረደች። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። አንጀቴ አርሯል፤ በእናንተም፣ ከእናንተ ይልቅ ደግሞ በራሴ።

ወንበራችሁን ያጽናላችሁ፤ የሚለየውን ከማይለየው የምትለዩበትን ዓይናችሁንም ከሕመም ይጠብቅላችሁ። ከታመመም የሚያክም አያሳጣችሁ።

በታላቅ አክብሮት፣ እጅ እየነሣሁ፣
ምንም የሚለየው የሌለ ቄስ ምስጋኑ በለጠ
ከላስታ፣ ጥር 2004 ዓ.ም.

የተረሳ፦ ዘንድሮ ከአገራችን ከላስታ ልጆች ሁለቱን ተቀብላችኋል፤ ደስ ብሎናል። ስማቸውን አልጠራም፤ ጎበዞች ናቸው፣ ጥፋትም የለባቸውም። የአንደኛውን ገጽ ለመጪ አመልካቾች አርአያ ይሁን ብላችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ መለጠፋችሁንም ሰምቻለሁ። ሁለቱም ቅጻችሁን ይዘው ወደ ሱቁ በመጡ ጊዜ፣ አንድ በአንድ ጠይቃ፣ ያላደረጉትን ሳትጨምር ያደረጉትንም ሳታስቀር፣ ገጻቸውን የጻፈችላቸው እየሩስ ናት። ሌላውን ማሞገስ በእኛ ዘንድ ነውር አይደለምና፣ ያንን አላሰረዝኋትም።