ጥናቱን ስለ ሰጡን፤ ጥቁር ስለሚባለውም አፈር

ይድረስ ለተከበሩ አቶ የኋላሸት፣ የወረዳችን የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ከጥድ ማርያም ቀበሌ
ግንቦት 3 ቀን 2003 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ «ጥቁር» ስለሚለው ቃል በትሕትና ስለ ማሳሰብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? አምና በነሐሴ ወደ እኛ ብቅ ባሉ ጊዜ ጉንፋን ይዞዎት ስለነበር ሳንጠይቅዎት መክረማችን ቅር ሲለን ኖሯል። የቤተሰብዎ ደኅንነት፣ የቢሮዎ ሰላም፣ የመኪናዎም ጎማ ጤንነት ዘወትር ያሳስበናል። ጎማውን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ያልሆነው ረባዳው ነው።

እኔ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል እባላለሁ። በጥድ ማርያም ደብር ቅኔ አስተምራለሁ፤ ከማስተማር በተረፈኝ ጊዜ እንደማንኛውም ገበሬ አርሳለሁ፣ እንደማንኛውም ገበሬም ስብሰባ እቀመጣለሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ የደፈርኩት፣ ቀደም ሲል በፖስታ አሽገን የላክናቸው ሁለት ማመልከቻዎች ምናልባት መንገድ ላይ ደክሟቸው ተቀምጠው ይሆናል ብለን በመስጋታችን ነው። ግልጽ ደብዳቤ፣ እርስዎ ሥራ ቢበዛብዎት እንኳ ሌላ ሰው አንብቦ ሊያወራልዎት ይችላል።

አቤቱታ ከማቅረቤ በፊት ምስጋና ይቅደም። ካቻምና ሁለት የበቆሎ ምርጥ ዘሮችን አምጥተው፣ በየትኛው አፈር ላይ የትኛው እንደሚበልጥ ለማወዳደር ከወረዳው ቀበሌዎች ሁሉ የእኛን በመምረጥዎ ኮርተናል። የዘሮቹ ስም ፊደልና ቁጥር ሆኖ ለአፍ አልመች ቢለን ረጅሙን ሎጋው፣ አጭሩን ድንክዬ ብለን ክርስትና አንሥተናቸዋል። ቅር እንደማይሰኙብን እናምናለን፤ በጽሕፈት ቤትዎ የሚገኙት ባለሙያዎችም ዛሬ በዚሁ ስም ነው የሚጠሯቸው። እነሆ፣ ከብዙ አክብሮት ጋር ጥቂት ነጥቦችን አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ቃሉ። ባለሙያዋ ወይዘሪት ሔዋን ካቻምና ግንቦት በዚያ ሁሉ ዝናብ በእግራቸው መጥተው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በታች ሰብስበውን፣ ቀይ አፈር፣ ቡናማ አፈርና ጥቁር አፈር ያለው ሰው ለሙከራው ማሳ እንዲሰጥ በትሕትና ጠየቁ። ትጉህ ሰው ናቸው፤ ወንዙን ሲሻገሩ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው አይተናልና የሥራ ፍቅራቸውን የሚጠራጠር ከመካከላችን የለም። ቀዩ ወዲያው ተገኘ፣ ቡናማውም ተገኘ። ጥቁር አፈር ያለው ማን ነው ሲባል ግን ጉባኤው እንዳለ ወደ አቶ አበረ ጓሮ እጁን ዘረጋ።

አቶ አበረ ሊቀ መንበራችን ስለሆኑ ልናሞግሳቸው ፈልገን አልነበረም። በእኛ አገር «ጥቁር መሬት» ማለት አመድና ፍግ ሲደፋበት የኖረ፣ ከቤት ጀርባ ያለ መሬት ነው። የአቶ አበረ ጓሮ ደግሞ ከአባታቸው ዘመን ጀምሮ የከብት በረት የነበረበት ነው። እርስዎና ካርታዎ ጥቁር አፈር የምትሉትን፣ ያንን በክረምት ውሃ የሚያቁረውን፣ በበጋ ደግሞ ጫጩት እስኪገባ ድረስ የሚሰነጣጠቀውን፣ እኛ ዋልካ እንለዋለን። ቁራን ጥቁር ቁራ እንደማንለው ሁሉ፣ ዋልካንም ጥቁር ብሎ የሚጠራው የለም። ወይዘሪት ሔዋን የጠየቁን ዋልካ ኖሯል፤ እኛ የሰጠናቸው በረት ነው። እርሳቸውም አልዋሹ፣ እኛም አልዋሸን። በእኔ ጉባኤ ቤት አንድ ቃል ሁለት ነገር ተሸክሞ ሲመጣ አንዱን ብቻ የፈታ ተማሪ ተመልሶ ቁጭ ይላል፤ ነውርም አይደለም፣ እኔም በዘመኔ ብዙ ቁጭ ብያለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ቁጭ ማለት አልፈለገም።

፪ኛ. ስለ ውጤቱ። ሎጋው በቀዩ አፈር ላይ በሄክታር ሃምሳ ኩንታል ገደማ ሰጠ። በቡናማው ከዚያ ጥቂት አነስ አለ፤ ድንክዬም በሁለቱም ቦታ ብዙ ሳይርቅ ተከተለው። ጥቁር በተባለው ማሳ ላይ ግን ሎጋው ዘጠና ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አገዳው የአቶ አበረን ጣሪያ አልፎ ስለ ወጣ የአቶ አበረ ባለቤት ወይዘሮ አይናዲስ ከበር ሆነው ጎረቤት መጥራት ተስኗቸው ነበር። በጥቅምት የመስክ በዓል ተደርጎ፣ ከየወረዳው እንግዳ ተጠርቶ፣ እርስዎም ከአገዳው ሥር ቆመው ፎቶግራፍ ተነሡ። በዚያ ዕለት ባደረጉት ንግግር «የጥቁር አፈር ትንሣኤ ዛሬ ነው» ማለትዎ እስካሁን ከጆሯችን አልጠፋም፤ እኛም ስለ በረቱ የሚነገር መስሎን ከልባችን አጨበጨብን። መመስገን የነበረባቸው የአቶ አበረ ላሞች ነበሩ፤ ስማቸው ከመድረክ ሳይጠራ መቅረቱ ትንሽ ከንክኖናል።

ከዚያም ውጤቱ «ጥናት» ተብሎ በሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፦ ሎጋው ለጥቁር አፈር። በካርታዎ ላይ በጥቁር ቀለም የተቀባው ደግሞ ረባዳው፣ ዋልካው ነው። አምና በሚያዝያ የረባዳው ባለ ማሳዎች ሁሉ ጤፉን ትተው ሎጋውን እንዲዘሩ ታዘዙ። እንዲህ ሆኖ ለበረት የወጣው ምስክር ወረቀት ለረግረግ ተሰጠ።

፫ኛ. ስለ ወይዘሮ ሥራነሽ። ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ፈገግ የሚያሰኝ ነው፤ ይህኛው አያሰኝም፤ ስለዚህ ይቅርታ እየጠየቅሁ ጥቂት ቀልዴን ገታ ላድርግ። ወይዘሮ ሥራነሽ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ልጆቻቸውን በአንዲት ማሳ የሚያሳድጉ ጎረቤቴ ናቸው። ማሳይቱ ረባዳው መካከል ናት። ጤፍ በሐምሌ ይዘሩባታል፣ ጤፉም ውሃውን ችሎ ይበቅላል፤ ከዓመት ባይተርፍም ለዓመት ይደርሳል። ሌሎቻችን ተዳፋት ላይ ቀይ አፈር፣ ከቤታችን ጀርባ ጓሮ አለን፤ ረባዳው ቢከዳን ሌላው ይደጉመናል። እርሳቸው ግን ሌላ የላቸውም።

አምና ታዘዙ፣ እሺ አሉ። በመስመር ዘሩ፣ ማዳበሪያውን በልኩ አደረጉ፣ ሁለት ጊዜ ኮተኮቱ። ሐምሌ ሲገባ ማሳው ኩሬ ሆነና ሎጋው በውሃ ውስጥ ቆሞ ቢጫ ሆነ። ወይዘሮ ሥራነሽ በቁፋሮ ቦይ ሊያወጡለት ቢሞክሩ ውሃው ከጎረቤት ማሳ እየተመለሰ መጣባቸው። በኅዳር የተሸለቀቀው ራስ ሁሉ እዚህም እዚያም ጥቂት ፍሬ ጣል ጣል ያደረገበት ቆረቆንዳ ነበር። ያንን ቆረቆንዳ በጋውን ማገዶ አደረጉት፤ ልጆቹ የበሉት ከጎረቤት በተዋጣ እህል ነው። ይህን ሳይ አዝኛለሁ፣ ተናድጃለሁም፤ ንዴቴን በጨዋ ቋንቋ ለማስቀመጥ እነሆ እስከ ግንቦት ፈጀብኝ።

፬ኛ. ስለ ተሰጠን ማብራሪያ። ምርቱ ለምን አነሰ ተብሎ ሲጠና ምክንያቱ የግንዛቤ እጥረት ሆኖ መገኘቱን በሪፖርት ሰምተናል። ወይዘሮ ሥራነሽም እጥረታቸው እንዲሞላ ተብሎ ሥልጠና ገብተው፣ በቆሎ ውሃ የሚተኛበት መሬት እንደማይወድ ተምረው ተመልሰዋል። ይህን ዕውቀት በጊዜው ስላደረሱልን እናመሰግናለን። እርሳቸውም ከሥልጠናው መልስ ቤቴ ጎራ ብለው፣ የተማሩትን ለማን እንደሚያስተምሩት ጠይቀውኛል፤ እኔም ይህንኑ ደብዳቤ ለመጻፍ ቃል ገባሁላቸው።

አሁን ወደ ጎማው ልመለስ። አምና በነሐሴ ረባዳውን ሊጎበኙ በመጡ ጊዜ መኪናዎ ከማሳው ጠርዝ ላይ ተውጦ ቀረ። አቶ አበረ ሁለት ጥማድ በሬ አስመጥተው፣ ወጣቱ ከኋላ እየገፋ፣ እርስዎም ጉንፋኑ እንዳይብስብዎ ከውስጥ ሆነው እያበረታቱን፣ በስንት መከራ አወጣነው። ክቡር ሆይ፣ ከዚያ አስቀድሞ በጥቅምቱ በዓል ያው መኪና በአቶ አበረ ጓሮ ገብቶ ዞሮ ሲወጣ ማንም አልገፋውም። ሁለቱም ጥቁር አፈር ከሆኑ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የአፈር ምርመራ ውድ ነው ይባላል። ጽሕፈት ቤትዎ ግን አራት ጎማ ያለው መመርመሪያ አለው፤ ያን ቀን ያወጣውን ውጤት ያነበበለት ሰው ባለመኖሩ ነው የቆጨን።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለወቀሳ ብቻ እንዳይመስልብኝ። ሎጋው ጥሩ ዘር ነው፤ ድንክዬም አይናቅም። እኔ ራሴ በተዳፋቱ ቀይ አፈር ላይ ሎጋውን ዘርቼ፣ አገር በቀሉ በቆሎ ይሰጠኝ ከነበረው እጥፍ ገደማ አስገብቻለሁ፤ ምስጋናዬም እውነተኛ ነው። የምንለምነው አንድ ነገር ነው። የዘንድሮው ዕቅድ ረባዳውን እንደገና ለሎጋው መድቦታል፣ እንቢ ያለም ሰው ከማዳበሪያ ተራ ይወጣል ተብሏል። ወይዘሮ ሥራነሽ ለጤፋቸውም ማዳበሪያ ያስፈልጋቸዋል። ዘንድሮም እንዳምናው ከሆነ ማሳቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ደብረ ማርቆስ ሰው ቤት ሥራ ፍለጋ ሊሄዱ ቆርጠዋል። ሰኔ ሳይገባ ዋልካው ከዕቅዱ ወጥቶ ለጤፍ እንዲለቀቅልን፣ እርሳቸውም ከማዳበሪያ ተራ እንዳይወጡ አንድ መስመር ጽፈው ማኅተም ያሳርፉልን።

ውድድሩ ደግሞ በእውነተኛው ዋልካ ላይ ይደገም። ማሳ ቢጠፋ የእኔ ድርሻ ከረባዳው ዳር አለችልዎት፤ ሎጋውንና ድንክዬን ጎን ለጎን ይዝሩባት። ሁለቱም ቢጠፉ እኔን አይጎዳኝም፤ ተማሪዎቼ አኮፋዳቸውን አንግተው ይወጣሉ፣ ልምዱም አላቸው። ለጉብኝት ሲመጡ ግን ጥቅምትን አይጠብቁ፤ በሐምሌ ይምጡ፣ በእግርዎ ይግቡ። ዋልካው ጫማዎን ቢያስቀርብዎት እኔ ቆፍሬ አወጣልዎታለሁ፣ እግርዎንም አስጥቤ ደረቅ መቀመጫ አዘጋጃለሁ።

የጥድ ማርያም ሰው ሁሉ በደጅዎ እንደ ቆመ ቆጥረው ቃላችንን እንዲሰሙ እየለመንኩ፣ ለሹመትዎ ዕድሜን፣ ለካርታዎ ሌላ ቀለምን፣ ለጎማዎም ደረቅ መንገድን ተመኝቼ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ትሑት አገልጋይዎ
መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል
በጥድ ማርያም ደብር የቅኔ መምህርና የረባዳው ጠርዝ አራሽ

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት ሔዋን፣ ከልባዊ አክብሮት ጋር
ለአቶ አበረ ላሞች፣ ለምስጋና

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ወይዘሮ ሥራነሽ ፊደል አልቆጠሩምና ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት አነበብኩላቸው። በልባቸው ያለውን የሚጨምሩት ካለ ብዬ ብጠይቃቸው፣ በእግራቸው ሥር ያለውን ጭቃ በእንጨት እየፋቁ አንድ ነገር ተናገሩ። ሃያ ዓመት ቅኔ ሳስተምር እንዲህ ያለ ከተማሪዎቼ አፍ አልሰማሁምና፣ አንዲት ቃል ሳልነካ እንዳለ አደርስልዎታለሁ፦ «ባሌ የሞተ ጊዜ አገሩ ሁሉ ጥናቱን ይስጥሽ አለኝ፤ የሰጠኝ ግብርና ቢሮው ነው። አሁን በቃኝ፤ ጥናቱን ይውሰዱልኝና ጤፌን ልዝራ።»