ግራጫው ሌብል

ሰኞ

ቀይ ለሐዘን፣ አረንጓዴ ለክርስትናና ለልደት፣ ሰማያዊ ለስብሰባ፣ ቢጫ ለአቤቱታ። ዳዊት የእድራችንን ኢሜይል በአንድ ከሰዓት በየሌብሉ፣ በየምልክቱ እያስገባ እንዲህ ቀለም ቀባው።

የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ። ደብዳቤው ሁሉ አንድ ላይ ተከምሮ ይቀመጥ ነበር፤ የቱ የት እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን እንደ ሥርዓት እቆጥረው ነበር። ዛሬ ሊቀመንበራችን ጋሽ ለማ ደውለው "አሁን ገና ሰው የሚያነበው ሆነ" አሉኝ። "አሁን ገና" የምትለዋን ከምሳዬ ጋር አኘክኋት።

ዳዊት አሜሪካ በዲቪ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ሂሊያርድ የሚባለው ሰፈር ካለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲለይ ይውላል፤ አሁን ወደ እኛ ዞረ።

ማክሰኞ

ባለቤቴ አስቴርም የራሷን ኢሜይል በዳዊት አሠራር አሰናድታለች። ትምህርት ቤት ብርቱካናማ፣ ሐኪም ሮዝ።

"እኔስ?" አልኳት።

"አንተማ እዚሁ ቤት ነህ፤ ቀለም ምን ያደርግልሃል።"

ልጃችን ሳራ ከሶፋው ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጣል አደረገች። "ቅናት" የሚል ቃል ነበረበት። መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም።

እሑድ ጠቅላላ ስብሰባ አለ፤ ጸሐፊ ይመረጣል። እስከ ዛሬ አንዱ "ያው እሱ ይቀጥል" ሲል ሌላው ያጨበጭብና ያልቅ ነበር። ዘንድሮ ጋሽ ለማ "እጅ እናወጣለን" ብለዋል።

ረቡዕ

ዳዊት በየቀኑ ለእድሩ አድራሻ አዲስ ሐሳብ ይልካል። የኮሚቴው ሰው ሁሉ የኢሜይል ሳጥኑን እየከፈተ ያነባል፣ ያደንቃል።

ዛሬ በምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ደብዳቤ የሚያጣራ ፊልተር ሠራሁ። አሠራሩን ያሳየኝ ራሱ ዳዊት ነው፤ ሁለት ጊዜ፣ በትዕግሥት፣ "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ክሊክ ያድርጉ" እያለ። (ጋሼ ማለቱ ራሱን የቻለ በደል ነው። ሃምሳ አልሞላኝም።) የላኪው ስም ውስጥ "መኮንን" ካለ፣ መልእክቱ ከፊት ገጹ ይነሣ፣ እንደተነበበ ይቆጠር፣ "ይቆይ" የሚል ግራጫ ሌብል ውስጥ ይግባ። እሑድ እስኪያልፍ ብቻ። ፈረንጅ ሰውን የሚያውቀው በመጨረሻ ስሙ ነው፤ ዳዊት ደግሞ ዳዊት መኮንን ነው።

ሳጥኑ ጸጥ አለ። ሳንድዊቼ ጣመኝ።

ዓርብ

ጋሽ ለማ "ዳዊት ምነው ጠፋ? ደከመው እንዴ?" አሉኝ።

"ወጣት ነው፤ ቶሎ ይሰለቻል" አልኳቸው።

ይህን እዚህ የምጽፈው በኋላ እንዳልክደው ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት እትዬ ሙሉ ደወሉ። ዋይንላንድ ፓርክ የሚባለው ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ እድሩን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው።

"የወንድሜን መርዶ ከሰማሁ ሦስት ቀኔ። ሐሙስ ለእድሩ ጻፍኩ። በሬን ያንኳኳ የለም። ምን አጠፋሁ ብዬ ልጠይቅህ ነው።"

ሐዘን ለእድሩ በጽሑፍ ይነገር የሚለውን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ወሬ እንዳይዛባ።

ግራጫውን ከፈትኩት። የዳዊት አምስት። አንድ የክርስትና ጥሪ፣ ከማላውቀው መኮንን ልጅ። አንድ የአባልነት ጥያቄ፣ ከሌላ መኮንን ልጅ። ከዚያ ሙሉ መኮንን፤ የእትዬ ሙሉ መርዶ። ሃያ ዓመት አሜሪካ ኖሬ የአባት ስም የቤተሰብ ስም መሰለኝ። በዚህ ከተማ መኮንን የሚባል አባት ያለው ስንት ሰው እንዳለ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? የአባላቱን ዝርዝር በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የደወልኩት ለዳዊት ነው። ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኩት። "ወንበር የሚጭን መኪና ያለው ማነው?" አለኝ። ቀትር ላይ የእትዬ ሙሉ ቤት ሞልቶ ነበር። ዳዊት ጎንበስ ብሎ "እትዬ፣ አዲሱ አሠራር ነው ያስቀረብን፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ" ሲላቸው ሰማሁ። እኔ የውሃ ጠርሙስ እንደታቀፍኩ ቆሜ ነበር። ቀለሙን ይውሰድ፤ ደግነቱን ግን ምን አስጨመረው?

እሑድ

ስብሰባው ላይ አባላቱ አጉረመረሙ። "ቀለም ቀለም ሲሉ ለቅሶ ቀረ።" አንዱ ተነሣና "ያው እሱ ይቀጥል" አለ፤ እኔን ማለቱ ነው። ማጨብጨብ ጀመሩ። ዳዊት አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያያል።

ሳምንቱን ሙሉ የፈለግሁት ይኸው ነበር። ቆምኩና "ፊልተሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀንቼ ነው" አልኩ። ጭብጨባው ከወዲያ ጥግ ዘግይቶ ቆመ። ዳዊት ተመረጠ፤ እኔም እጄን አወጣሁ፣ እስከ ጆሮዬ ድረስ።

ከዚያ እትዬ ሙሉ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። "በል እነዚያን ወንበሮች አጣጥፋቸው" አሉኝ። ሁሉንም አጣጠፍኩ።

አሁን አስቴር ስልኳን አሳየችኝ። ስሜ አጠገብ ቀለም ገብቷል። ግራጫ ነው፤ "ይቆይ" ይላል።

እስከ መቼ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።