ወደ ታጁራ ባሕር ከመነሳቴ በፊት

ሀብቴ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየኸን ሁለተኛው መስቀል አለፈ። ወንድሞችህ ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። በልተው፣ ጠጥተው፣ አንተን አንስተው አልቅሰው፣ ወደየሥራቸው ተመለሱ። እኔ ዘንድሮ አላለቀስኩም። ሥራ ነበረብኝ። ሰኞ ጠዋት ከልጃችን ከትዕግሥት ጋር ወደ ባሕሩ እንሄዳለን።

ሳትጨርሳት የሄድከውን አሮጌ ዶልፊን ሚኒባስ አስጨርሻታለሁ። ወንበሮቹን ነቅለህ የበየድከው አልጋ ላይ ፍራሽ ተደርጎበታል። ቡታጋዙ የሚቀመጥበትን መደርደሪያ አሠርቻለሁ፤ ለመስኮቶቹም መጋረጃ ሰፍቻለሁ። ውኃ የምንይዝበት በርሜል ከኋላ ታስሯል። ጎረቤቶቻችን "ታክሲ ልታደርጋት ነው?" እያሉ ሲጠይቁህ "ታክሲ አይደለችም፣ ቤት ናት" ስትላቸው ይስቁብህ ነበር። አሁን ማንም አይስቅም።

ዕድሜህን ሙሉ ተሳቢ ይዘህ ጂቡቲ ስትመላለስ፣ ባሕሩን ያየኸው ከወደቡ አጥር ውስጥ፣ ተራ እየጠበቅክ ነው። ከጂቡቲ ወደ ታጁራ የሚሄደውን መንገድ የነገረህ አንድ የሥራ ጓደኛህ ነበር። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ውኃ፣ ሰውም የለ፣ ግርግርም የለ አለህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበረህም። እራት ላይ ጣትህን ጠረጴዛው ላይ እየጎተትክ መንገዱን ታሳየኛለህ፤ እዚህ እናድራለን፣ እዚህ ዓሣ ጠብሰን እንበላለን፣ እዚህ አንቺ እግርሽን ውኃ ውስጥ ትነክሪያለሽ። እኔ ደግሞ እንደ ልጅ አምኜህ እስቃለሁ።

ያንን መንገድ ማን እንደነጠቀህ አውቃለሁ። ስትደውልለት እዚያው ነበርኩ። እጅህ ግሪስ ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገህ ዶልፊኗ ወለል ላይ አስቀመጥከው። "አቶ ደምስ፣ ፍሬኑ አይዝም ብዬዎታለሁ። ሳይሠራ ቁልቁለት አላወርደውም" አልከው። የተሳቢው ባለቤት ደግሞ ምን እንዳለህ እስክሞት አልረሳውም። "ይቺን ጭነት አድርስና ስትመለስ ይሠራል። ካልፈለግክ ቁልፉን አስቀምጥ፤ ሹፌር ሞልቷል።" አንተ እጅህን በጨርቅ ጠርገህ ስልኩን ዘጋኸው። የትዕግሥትን ትምህርት አሰብክ መሰለኝ። በነጋታው ወጣህ፣ ከጋላፊ ወዲህ ያለው ቁልቁለት ላይ ቀረህ።

ይህም አልበቃውም። ለቅሶህ ላይ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀምጦ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ "ጎበዝ ሹፌር ነበር፤ ምን ይደረግ፣ እንቅልፍ ጣለው" አለ። አንተን! መሪ ይዘህ ማዛጋት የምታፍረውን ሰው! እኔ ከሴቶቹ መካከል ሆኜ ሰማሁት። ተነስቼ ነበር፤ ትዕግሥት ነጠላዬን ጨምድዳ ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ።

ከአርባህ በኋላ ሽማግሌ ላከ። "የእግዜር ሥራ ነው፣ ቂም አትያዢ" አሉኝ። "እግዜርን አትጥሩብኝ። በድንኳን የተናገረውን በሰው ፊት ይመልስ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም" አልኳቸው። እሱ ደግሞ አልናገርም አለ። እሺ አልኩ በልቤ። እንተያያለን።

ከዚያ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። አዎ፣ እኔ፣ እጇን ይዘህ መንገድ ታሻግራት የነበረችው ዘነበች። ቀጥዬ ሰዓሊ ጠርቼ በዶልፊኗ ግራና ቀኝ፣ ከሩቅ በሚነበብ ቀይ ፊደል፣ "ፍሬኑ አይዝም ብዬ ነበር — ሀብቴ" ብዬ አስጻፍኩ። የእሱን ስም አላስጻፍኩም። ወልቂጤ ውስጥ የማን ተሳቢ እንደነበረ የማያውቅ የለም።

የመንዳት ልምምዴን የት እንዳደረግኩ ብታይ ትስቅ ነበር። በጉብሬ መንገድ፣ በደምስ የመኪና ማቆሚያ ግቢ በር ፊት ለፊት ነው። እዚያ ስደርስ ሞተር ይጠፋብኛል፤ አንዳንዴ የምር፣ ብዙ ጊዜ ሆን ብዬ። ባጃጆች ከኋላዬ ይደረደራሉ፤ ሰዉ ጽሑፉን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። የእሱ ሹፌሮች ከግቢው ወጥተው ቆመው ያነቡ ጀመር። አንድ ቀን አንደኛው ቁልፉን ጥሎለት ሄደ። ከዚያ ሌሎቹም ፍሬን ሳይታይ አንወጣም አሉ። ግቢው ውስጥ ተሳቢዎቹ ቆመው ሳይ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ።

የጉዟችንን ነገር ሲሰማ ራሱ መጣ። መንገዳችን የእሱም መንገድ ነዋ። በእምድብር አድርገን ቡታጅራ እህቴ ዘንድ እናድራለን፤ ከዚያ ዝዋይ፣ ሞጆ፣ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ። ከቡታጅራ ወዲያ የምናድርበትን ቦታ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉም የተሳቢ ሹፌር የሚበላበትና የሚተኛበት ነው። የአገሩ ሹፌር ሁሉ ጽሑፉን ያነበዋል።

በር ላይ ቆሞ፣ "ዘነበች፣ ስሜን በየመንገዱ ልታስጠሪው ነው?" አለኝ።

"የእርስዎ ስም የት አለ? የተጻፈው የባሌ ስም ነው።"

"ምን ላድርግልሽ?"

"እሑድ እድር አለ" ብዬ በሩን ዘጋሁት።

መጣ፣ ሀብቴ። ከሰዉ መካከል ተነሳ። መጀመሪያ ሲያጉተመትም የእድሩ ዳኛ "አይሰማም፣ ጮክ በል" አሉት። "ሀብቴ አልተኛም። ፍሬኑ እንደማይዝ ነግሮኝ ነበር። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ" አለ። ለመስቀል መጥቶ የነበረው ወንድምህ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እኔ ቀና ብዬ የደምስን ዓይን እያየሁ አስጨረስኩት። ያ ቀን ከሞትክ ወዲህ ምግብ የጣመኝ የመጀመሪያው ቀን ነው።

ስንወጣ ተከተለኝ። "አሁንስ ጽሑፉን ታጠፊዋለሽ?"

"አጠፋለሁ ያልኩት መቼ ነው?"

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ፤ አንዳንዶቹ ተቆጡኝ። ትዕግሥት ራሷ ማታ ቤት ገብተን፣ "እማ፣ ተናገረልሽ እኮ፤ ይበቃል" አለችኝ። ልጅህ ልቧ ያንተ ነው፤ ቂም አይቀመጥባትም። ለእሷ ይብቃት። እሱ ስምህን መለሰልኝ እንጂ አንተን አልመለሰልኝም። ቀለሙ እንደተጻፈ ይሄዳል።

ዶልፊኗን ግን አትስጋባት። አራቱንም ጎማ አስፈትቼ ፍሬኗን በአዲስ አስቀይሬያለሁ፤ መካኒኩ ሲሠራ ከአጠገቡ አልተነሳሁም። የቀረህበት ቁልቁለት ጋ ስንደርስ ዳር ይዤ እቆማለሁ። ትዕግሥት ጸሎት ልታደርስ ትፈልጋለች። እኔ ለመጸለይ ልቤ አልጠራም፤ ድንጋይ ሰብስቤ ለማንም ሹፌር የሚታይ ክምር እሠራልሃለሁ። ከዚያ በከባድ ማርሽ ቀስ ብዬ እወርደዋለሁ።

ታጁራ መንገድ ስንገባ፣ ውኃው አጠገብ ለጥ ያለ ቦታ ፈልጌ የኋላ በሯን ወደ ባሕሩ አዙሬ አቆማታለሁ። ዓሣውን እንጠብሳለን። እግሬንም እነክራለሁ፤ ሳልፈልግም ቢሆን እነክራለሁ፣ አንተ ስላልክ። ያን ጊዜ እንደማለቅስ አውቃለሁ። እስከዚያ ግን አንድም እንባ አይወጣኝም፤ መንገዱን ማየት አለብኝ።

ይቅር በይው የሚሉኝ ሁሉ ቀን ያስረሳሻል ይሉኛል። ቀኑን እኔ ልንገርህ፣ ሀብቴ። አንተን የረሳሁ ዕለት እሱን ይቅር እለዋለሁ። ያ ዕለት አይመጣም።

ያንተው ዘነበች
ወልቂጤ