መሃል ላይ ጥለነው የወጣነው ፊልም

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽስ? ትንሿስ? ጥርስ አበቀለች ሲሉኝ እንደ ሞኝ ብቻዬን ሳቅኩ። እኔ ደህና ነኝ። አባባ ደግሞ ታውቂው የለ፣ ቢያመውም ባያመውም ደህና ነኝ ነው የሚለው። እማዬ አራስ ልትረዳሽ ሁለት ወር ብላ እንደሄደች ይኸው ስምንት ወር ሞላት። ቀረችብን እኮ!

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ አባባን ሲኒማ ቤት ወሰድኩት። ከስፌት መኪናው ላይ ለማስነሳት ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው። ፊልሙ የድሮ ታሪክ ነው፤ አባባ ልብስ ይሰፋለት ስለነበረው ስለ እኛው ሰውዬ ሳይሆን ስለ ሌላ የአፍሪካ አገር አምባገነን። ምን ነክቶሽ መረጥሽው እንዳትይኝ። ማስታወቂያው ላይ ያማረ የወታደር ኮት አይቼ፣ ልብስ ሰፊ ነውና ደስ ይለዋል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ደስም ብሎት ነበር። ትከሻው ተንጋዷል፣ እጅጌው አጥሯል እያለ ሲያማ ከፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ ሁለቴ ዞረው ገላመጡን። የገዢው ልብስ ሰፊ ስፒል ከትንሽ ትራስ ላይ እያነሳ ሲሰካ ደግሞ ሳቀ። አባባ ራሱ ቤተ መንግሥት ውስጥ ልብስ ሲሰፋ ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ ነበር የሚለካው። አፉ ሙሉ ስለሆነ ሰውዬው ቢናገረውም መልስ አይጠበቅበትም፤ ከዚያ የተሻለ መደበቂያ አልነበረም አለኝ።

ከዚያ ያ የፊልሙ ልብስ ሰፊ ሥራውን አቁሞ ተንበረከከ። ስለታሰረ ዘመዱ ምሕረት ለመነ። ገዢው እስረኛውን ጨርሶ ረስቶት ኖሯል። መስታወቱን እያየ፣ ያ ሰው እስካሁን አለ እንዴ ብሎ ጠየቀ። በማግስቱ እስረኛውን ከክፍሉ አወጡት፤ አልተመለሰም።

አባባ እጄን ያዘኝ። ተነሽ እንሂድ አለኝ። ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጠና አለቀሰ፣ እህቴ። አባባ ሲያለቅስ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አይቼ ስለማላውቅ የምሆነው ጠፋኝ፤ እንደ ሕፃን በቀሚሴ ጫፍ ፊቱን ጠረግኩለት።

የአጎታችንን ነገር ታውቂዋለሽ። ወንድሟ ሲታሰር እማዬ፣ በየሳምንቱ ሰውዬው ፊት ትቆማለህ፣ አንድ ጊዜ ምሕረት ጠይቅልኝ ብላ አባባ እግር ላይ ወደቀች። ከወር በኋላ የአጎታችን መርዶ መጣ። አባባም ፈርቼ ሳልጠይቅ ቀረሁ አላት። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፈሪ ስትለው አንድ ቀን እንኳ መልሶላት አያውቅም። እኔም አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ፊት ለፊት ብዬዋለሁ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ደረጃው ላይ የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም፤ አንቺ ብልህ ነሽ። ለእማዬ ንገራትና ትመለስልህ ብዬ ብለምነው ተቆጣኝ። ጠይቅልኝ ያለችኝ እሷ ናት፣ ጸጸት ከሚበላት ፈሪ ባል ቢኖራት ይሻላታል አለኝ።

ስለዚህ እባክሽ፣ እማዬ ያንን ወሬ ስታነሳ አብረሻት አባባን አትሚው። ወሬ ቀይሪ፤ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀምጪላት። ናፍቀሽዋል ግን በያት፣ ይሄ ውሸት የለበትም። ወንበሯ ላይ እንግዳ ሲቀመጥ ፊቱ ይጠቁራል፣ እኔንም ያስነሳኛል።

ፈጣሪ ልጅሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ፤ ቤትሽን ሰላም፣ እንቅልፍሽን ጣፋጭ ያድርግልሽ። ደብዳቤውን አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው። እማዬ ምን ብላ ጻፈች ካለችሽ፣ አባባ ሰላም ብሎሻል በያት። ከዚያ ጥብቅ አድርገሽ እቀፊያት፤ ለምን እንደሆነ አትንገሪያት።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ