ጭፈራን በወገቡ የሳሉት የአቶ አንጁሎ ባዳቾ የሕይወት ታሪክ

አቶ አንጁሎ ባዳቾ ከአባታቸው ከአቶ ባዳቾ ሶርሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈጠነች ጩማ በ1922 ዓ.ም. በሁምቦ፣ ተበላ ገበያ አጠገብ ተወለዱ። ገና ሲወለዱ ጨፈሩ የሚሉ ዘመዶች አሉ፤ በቀብር ላይ ማጋነን ስለማይገባ እንደማንኛውም ሕፃን አለቀሱ ብለን እንለፈው።

ለትምህርት ሲደርሱ ወደ ወላይታ ሶዶ መጥተው እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ ያላለፉት ጭንቅላት አንሷቸው አይደለም። በሰሌዳው ላይ በጠመኔ የሳሉትን ዶሮ የጎረቤት ድመት ልትይዝ ስትዘል ሰሌዳው ተሰንጥቆ ስለተባረሩ ነው። ድመቷን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬም እዚሁ ለቅሶው ላይ ተቀምጠዋል።

በ1940 ዓ.ም. ከሰሜን መጥተው ሶዶ የሰፈሩት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ አለቃ ወልደመስቀል ዘንድ ገብተው ቀለም መበጥበጥና መሳል ተማሩ። በአለቃ ሕግ ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው መልሶ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ሰይጣንና ይሁዳ ግን ከጎን፣ በአንድ ዓይን። አለቃ ንጉሥ ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲዘል ሲስሉ ሁለቱን እግሮች ገጥመው ቀጥ አድርገው አቆሙት። አቶ አንጁሎ ዝም ማለት አልሆነላቸውም።

«አለቃ፣ ዳዊት እየዘለሉ ነው ወይስ ፎቶግራፍ ሊነሡ?»

«አንተ ጋጠወጥ! የሚዘለው ልቡ ነው። በእግዚአብሔር ፊት የቆመ እግር አይንፈራገጥም» አሉ አለቃ። አቶ አንጁሎ የዚያን ቀን ምሳ ያላገኙት ስለዚህ ነው።

በ1946 ዓ.ም. በራሳቸው ወጥተው የሱቅና የጠጅ ቤት ግድግዳ መሳል ጀመሩ። በዚያን ጊዜ በልብስ ሰፊው በአቶ ሐብተማርያም ሱቅ ከውጭ አገር የመጣ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር። በላዩ ነጭ ቀሚስ የለበሱ የፈረንጅ ሴቶች በእግር ጣታቸው ቆመው ይጨፍራሉ፤ የአንዷ ጀርባ እንጂ ፊቷ አይታይም። ጠጅ ቤት የነበራቸው ወይዘሮ አዛለች አይተው «እነዚህማ ከመደርደሪያ ስኳር ሊያወርዱ ነው እንጂ ምን ጭፈራ ነው?» ብለዋል። አቶ አንጁሎ ግን ሥዕሉን ሲያዩ እየዋሉ፣ አቶ ሐብተማርያምን ሥራ አስፈቱ። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦

«የጥንቶቹ ዓይኑን ሳሉ፣ ፈረንጁ እግሩን ሳለ። ታዲያ ወገቡን ማን ወሰደው?»

የወላይታ ጭፈራ ያለ ወገብ ምን እንደሚሆን ለዚህ ሕዝብ መንገር አያስፈልግም።

በ1950 ዓ.ም. በጊፋታ፣ በዘመን መለወጫችን፣ የአለቃ ልጅ ወይዘሪት ይመኙሻል ጭፈራ ልታይ መጥታ ሳታስበው መሐል ገባች። ፊት ለፊቷ የገጠሟት አቶ አንጁሎ ነበሩ። ሽማግሌ ተላከ፤ አለቃም ከብዙ እንቢታ በኋላ «እስቲ እናስብበት» ወደ ማለት ደርሰው ነበር። ይህ ከአለቃ አፍ ሲወጣ ግማሽ ሠርግ ነው።

ነገሩን ያበላሸው የአቶ አንጁሎ ብሩሽ ነው። ያዩትን ጭፈራ በወይዘሮ አዛለች ግድግዳ ላይ ሳሉት። ወገቡ ይሽከረከራል፤ ጠጅ ያልቀመሰ ሰው እንኳ አይቶት ሲወጣ ትከሻው አልታዘዝ ይለው ነበር። አንድ በቅሎም በር ላይ ታስራ ስትወዛወዝ ጭነቷን ጥላለች ይባላል። ከጨፋሪዎቹ መሐል ግን ይመኙሻል ከጎን ተስላለች፤ አንድ ዓይን ብቻ። ከፊቷም ማንም የለም። አቶ አንጁሎ ራሳቸውን ለመሳል አፍረው ቦታውን ባዶ ትተውት ነበር።

ወሬው አለቃ ዘንድ ደረሰ። ጠጅ ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁት ሰው መቋሚያቸውን ይዘው መጡ።

«ልጄን ከይሁዳ ጋር አሰለፍካት! እኔ አላስተማርኩህም?»

«አለቃ፣ እሷ የምታየው ፊት ለፊቷ ያለውን ሰው ነው። ወደ ገበያተኛው ባዞራት ውሸት ይሆንብኛል።»

«ማንን ነው የምታየው? ግድግዳ! ልጄን አንድ ዓይና አድርጎ ግድግዳ ላስፈጠጠ ሰው አልድርም። ሽማግሌዎችህን ሰብስብ!»

አቶ ባዳቾ ከተበላ ድረስ በእግራቸው መጥተው «አንተ ልጅ፣ ያቺን ዓይን ብትጨምርላት ምን ቸገረህ?» ብለው ለመኑ። አቶ አንጁሎ አልጨመሩም። ይልቁንስ ባዶው ቦታ ላይ ራሳቸውን ሳሉ፤ እሳቸውም ከጎን፣ እሳቸውም በአንድ ዓይን፣ ፊታቸው ወደ እሷ። ሽማግሌዎቹ አለቃን እጃቸውን ይዘው አመጧቸው። አለቃ ብዙ ቆመው አዩ።

«ደግሞ ራስህንም አጎደልክ?»

«አላጎደልኩም አለቃ። የእሷ አንድ፣ የእኔ አንድ፤ ሁለት ሆነ። ‹ሁለቱ አንድ ሥጋ ይሆናሉ› ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

አለቃ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። «ወገቧን ግን ሸፍንልኝ» ብለው ሄዱ። አቶ አንጁሎ ወዲያው ነጠላ አለበሷት፤ ሆኖም ነጠላዋም መወዛወዝ ጀመረች። ይህን አለቃ እንዳላዩ ሆነው አልፈውታል።

በጥር 1951 ዓ.ም. ከወይዘሮ ይመኙሻል ጋር በተክሊል ተጋብተው ሰገነትንና አድነውን ወልደዋል። ከዚያም በሶዶና በተበላ የብዙ ሱቆችን ግድግዳ ሲስሉ ኖሩ።

አቶ አንጁሎ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በኦቶና ሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 14 ቀን 1961 ዓ.ም. በተወለዱ በ39 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ አባታቸው አቶ ባዳቾ፣ እንዲሁም ዛሬ ከሁላችንም አብልጠው የሚያለቅሱት አማታቸው አለቃ ወልደመስቀል በሕይወት አሉ።

ከሣጥኑ አጠገብ የቆመውን ፎቶግራፍ አይታችሁ «ምነው ከጎን?» የምትሉ አላችሁ። ፎቶ አንሺው «ወደዚህ ይዙሩ» ብሎ ቢለምናቸው አቶ አንጁሎ ፊታቸውን ወይዘሮ ይመኙሻል ከቆሙበት አላዞሩም። ሥዕሉ አልጎደለም፤ ሁለተኛው ዓይን ከፊት ወንበር ተቀምጦ እያለቀሰ ነው።

እግዚአብሔር ዳዊት በዘለለበት በታቦቱ ፊት ያቁማቸው፤ እግራቸውን መግጠም እንቢ ቢሉም ይታገሣቸው። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። አሜን።