ድኩላውን ማን ባረከው

ውድ አያ አምሳሉ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ካንተ ናፍቆት በቀር ሁላችንም ደህና ነን» ይባላል። ጎረቤታችን አስካለ ለዘማች ባሏ በምታስጽፈኝ ጊዜ እንደዚያ ካልተጀመረ ደብዳቤ አይመስላትም። እኔ ግን ላንተ አልዋሽም፤ ደህናም ነን፣ ደህናም አይደለን። እናናን ወገቧን ያማታል። አባባን ጉልበቱን። ውባለም ደግሞ በገና ማግስት ሴት ልጅ ወልዳልሃለች። በል እንግዲህ፣ ዋናውን ቀድሜ ነገርኩህ። አሁን ቁጭ በልና ቀሪውን አንብብ። የወታደር ደብዳቤ እየተከፈተ ይነበባል ይላሉ፤ ለሚከፍተው ሰውዬም እንዴት ሰነበትክ በልልኝ። የመንግሥት ምስጢር የለበትም፣ ስለ ድኩላ ነው።

በመጀመሪያ ግን፣ እኔ ትምህርት ትቻለሁ። አባባ አትጻፊለት ብሎኝ ነበር፤ ከሌላ ሰው ብትሰማ ግን አጣመው ይነግሩሃል። የፖለቲካ ትምህርት መምህሩ ስለ ጋርዮሽ ሲያስተምረን፣ ሰው አውሬ እያደነ ይኖር የነበረበት ዘመን ነው አለና ወደኔ ዞሮ፣ «ታንጉ፣ አባትሽ እስካሁን እዚያው ናቸው አይደል?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ተነሣሁና፣ «መምህር፣ በጋርዮሽ ያደኑትን ተካፍለው ይበሉ ነበር ብለውናል። አባቴ ለፋሲካ የላከልዎትን ሥጋ ግን ለብቻዎ ነው የበሉት» አልኩት። ያን ጊዜ ክፍሉ ከፊተኛው የባሰ ሳቀ፣ እሱ ብቻ አልሳቀም። ተንበርከኪ ሲለኝ ዳስተሩን አንሥቼ ወረወርኩበት። ሳትኩት። የአባባ ልጅ ሆኜ መሳቴ ነው እስካሁን የሚያናድደኝ። ይቅርታ ካልጠየቅሽ አትገቢም አሉኝ፣ ደብተሬን ይዤ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ቤቴ ድረስ በእግሬ መጣሁ። ይኸው ነው።

እና ቤት ዋልኩ። ቤት ስውል ነው ያንተ መጉደል የገባኝ። ቀድሞ አንተና አባባ ሌሊት ትወጣላችሁ፣ ሥጋ ይመጣል፣ እበላለሁ። እንዴት እንደሚመጣ ምን ቸገረኝ? ለካ አባባ የሚተኩሰው ብቻ ነው። ካራ ይዘህ ቁልቁል የምትሮጠው አንተ ነበርክ። አንተ ታውቀዋለህ፣ ለሚከፍተው ሰውዬ ግን ላስረዳው፤ ከተማ አድጎ ይሆናል። በጥይት የሞተ አውሬ በክት ነው። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰው በስመ አብ ብለው ካልባረኩት ክርስቲያን አይበላውም። የሚባርከው ደግሞ ወንድ ነው። ሴት ካራ የምትይዘው ሽንኩርት ላይ ነው።

አንተ ከተወሰድክ ወዲህ አባባ ብቻውን ይወጣል። ዓይኑ አልሰነፈም፣ ይመታል። ግን ያን ጉልበት እየጎተተ ገደሉን ወርዶ እስኪደርስ የድኩላው ዓይን ደርቆ ይጠብቀዋል። ለጅብ ትቶት ይመለሳል። መምጣቱን ከሩቅ እናውቃለን፤ እጁ ባዶ ከሆነ ከአጥሩ ጀምሮ ያስላል፣ ሥጋ ካለ ግን ዝም ብሎ መጥቶ በሩ ላይ ይቆማል። መስከረምንና ጥቅምትን ሲያስል ከረመ። እናና አንድ ቀን፣ «እንደው ማን አየህ፣ ትንሽ ትንፋሽ ነበረው ብለህ ብታመጣውስ?» አለችው። ቀና ብሎም አላያት። አባባ ሥጋ ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ «ደረስክበት?» ተብሎ የሚጠየቀውን ታስታውሳለህ። «ደረስኩበት» ካለ ጎረቤቱ ሁሉ ያለ ጥርጥር ይበላል። እዚህ አገር ጠመንጃ ያለው ብዙ ነው፣ እንደዚያ የሚታመን ግን እሱ ብቻ ነው።

ውባለም ስትወልድ ደም በዛባት። አትደንግጥ፣ አሁን ደህና ናት፤ ግን ያን ሰሞን ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ጡቷ ደረቀ። ልጅቷ ትይዛለች፣ ትተዋለች፣ ታለቅሳለች፤ ማልቀሱም እየደከማት መጣ። አዋላጇ የሺ አጥሚቱንም ተልባውንም ሞክራ ሞክራ፣ «ይቺ አራስ ትኩስ የሥጋ መረቅ ካላገኘች ወተት አይወርዳትም። ካልወረደ ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ» አለች። ከየት ይምጣ? ዶሮዎቹን ፈንግል ፈጅቷቸዋል። በጎቹም እንዳንተው ለእናት አገር ጥሪ ሄደዋል። አባባ ወጥቶ ካራውን ድንጋይ ላይ ሲስል ሰማሁት።

ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ሲነሣ ስልቻዬን አንግቤ በር ላይ ጠበቅሁት።

«ወዴት ነሽ?» አለኝ።

«ለአደን የወጣ ሰው ወዴት አይባልም፤ አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከን?»

«ሴት ለአደን ስትወጣ አይቼ አላውቅም።»

«እኔም ድኩላ ለጅብ የሚያድን ሰው አይቼ አላውቅም።»

ይመታኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ካራውን አወጣና ስልቻዬ ውስጥ ከተተው፤ ወገቡ ላይ ሆኖ ሲወርድ ያደናቅፈዋል። «ስሚ» አለኝ። «ቀንዱን ይዘሽ ጫካ እንዳይገባ ትጠብቂዋለሽ። እኔ እደርሳለሁ፣ እኔ እባርካለሁ።» እሺ አልኩ። ማርያምን፣ እሺ ስል እውነቴን ነበር።

ከጊዮርጊስ በታች ያለውን ገደል ጫፍ ያዝን። ቆላው ገና ጉም ተኝቶበት ነበር። አባባ ከኪሱ አመድ ቆንጥሮ በተነና ነፋሱን አየ፣ ከዚያ እኔን አሸተተኝ። ማታ እናና ራሴን ቅቤ ቀብታኝ ነበር። «ሠርግ ነው የመጣሽው?» ብሎ ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ወሸቀኝ። ፀሐይ ማዶውን ስትነካ ወንዱ ድኩላ ሊሞቅ ብቅ አለ። ጥቁር፣ ጀርባው ላይ ነጫጭ ነጥብ ያለው፣ ቀንዱ ጥምዝ። አያ፣ እንዲህ የሚያምር መሆኑን ለምን አልነገርከኝም? እኔ ሁልጊዜ የማውቀው ድስት ውስጥ ነው።

ተኮሰ። ድኩላው ዘለለ፣ ወደቀ፣ ተነሣና ቁልቁል ወደ ወንዙ ተምዘግዝጎ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። ጫማዬን የት እንደጣልኩት አላውቅም። እሾሁም ድንጋዩም አልተሰማኝም። አንተ ሩጫውን እየወደድከው ነው ለካ «ደከመኝ» እያልክ ትመጣ የነበረው! በጣም ነው የተናደድኩብህ። ታች ከሾላው ሥር ወድቆ አገኘሁት። ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀንዱን ያዝኩ።

«አለ ወይ?» ብሎ አባባ ከላይ ጮኸ።

«አለ! ናማ!»

«መጣሁ!»

መጣሁ ማለቱን ነው እንጂ አልመጣም። ቀና ስል ከገደሉ ግማሽ ላይ ተንሸራቶ ተቀምጧል፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዟል።

«አባባ! ዓይኑ እየፈዘዘ ነው!»

«ያዢው! አትልቀቂው!»

«ቀንዱን ነው የያዝኩት፣ ነፍሱን አልያዝኳት!»

ድንጋይ ሲንከባለል ብቻ ይሰማል። ድኩላው አንዴ ረጅም ተነፈሰና ቆየ፣ ደግሞ ተነፈሰ። ያቺን ልጅ አሰብኩ። ማልቀሱ ደክሟት እንዴት አፏን ብቻ እንደምትከፍት። ከዚያ ወዲያ አላሰብኩም። አንገቱን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ፣ ካራውን አወጣሁ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብዬ ባረክሁት። ደሙ ክንዴ ድረስ ፈነጠቀ፣ ሞቃት ነበር። እግሩ ተንፈራገጠ፣ ከዚያ ዝም አለ።

አባባ በቂጡ እየተንሸራተተ ደረሰ። ደሙን አየ፣ እኔን አየ፣ ካራውን አየ። ጎንበስ ብሎ ቁርጡን በጣቱ ነካው። እኔ መልስ አዘጋጅቼ፣ ጥርሴን ነክሼ ቆሜአለሁ። በመጨረሻ፣ «ጠመም አድርገሽዋል» አለ። ቆዳውን ገፈን ሥጋውን ስንሸከም ግን እኔን አላስችል አለኝ።

«አንተ ባረክኸው እንላለን። ማን አየን?»

«ድኩላው አይቷል» አለኝ። ትንሽ ሄድ ብለን ደግሞ፣ «ሰው የኔን ሥጋ ሳይጠረጥር የሚበላው ጥሩ ስለተኮስኩ ይመስልሻል?» አለኝ። «ዛሬ አንዴ ብዋሽ፣ እስከዛሬ ያበላኋቸው ሁሉ ከሆዳቸው ይገለበጣል።»

«ውባለም አልበላም ብትልስ?»

«እሱን እንጃ» አለ። አባባ እንጃ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ? ፈራሁ።

ቤት ስንደርስ ድምፁን አጥፍቶ በሩ ላይ ቆመ። እናና ሮጣ ወጣች። ጎረቤታችን አስናቀም ተኩስ ሰምቶ ኖሮ ድርሻውን ሊወስድ ቀድሞ ተጎልቷል። «ደረስክበት?» አለች እናና።

«እኔ አልደረስኩም» አለ አባባ። «ታንጉ በሕይወቱ ደርሳለች። የባረከችውም እሷ ናት።»

እናና እጇን አፏ ላይ ጫነች። አስናቀ ብድግ ብሎ፣ «ሴት የባረከችው? እኔ ይሄንን ለውሻዬም አልሰጥ!» አለ።

«ውሻህ ካንተ ይሻላል፣ ሳይጠሩት አይመጣም!» አልኩት።

«ታንጉ!» አለ አባባ፤ ያኔ ብቻ ነው የተቆጣኝ። ወዲያው የሺ ካንተ ጎጆ ወጣች። ውባለም ሰምታ ኖሮ፣ «ልጄ ክርስትና አልተነሣችም፤ አባ ካልፈቀዱልኝ አልቀምስም» ብላለች። አየህ፣ ሚስትህ እንደ አባባ ናት፣ ድርቅ። አባባ ሥጋውን ዛፍ ላይ ሰቀለ፣ ዱላውን አነሣና በዚያ እግሩ አቀበቱን ወጥቶ የነፍስ አባታችንን አባ ወልደ ሩፋኤልን ሊጠራ ሄደ። ልሂድልህ ስለው፣ «ነገሩ የኔ ቃል ነው፣ እኔው እሄዳለሁ» አለኝ። እኔ ከሥጋው ሥር ተቀምጬ ዝንብ እየከለከልኩ ልጅቷን አዳምጥ ነበር። ታለቅሳለች፣ ዝም ትላለች። ዝምታው ነበር የሚያስፈራው።

አባ ወልደ ሩፋኤል መጥተው እኛ ቤት መደቡ ላይ ተቀመጡ። ቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩ የደረሰባቸውን ረሃብ ሳይነግሩን የቀሩት የዛን ቀን ብቻ ነው። እኔን አቆሙኝ።

«በሕይወት ነበር?»

«ነበር አባ። ሁለቴ ሲተነፍስ አይቻለሁ።»

«ስሙን ጠርተሻል?»

«ሦስቱንም።»

«ደሙ ፈሰሰ?»

ክንዴን አሳየኋቸው፤ አልታጠብኩም ነበር። እናናን ደግሞ ጠርተው በጆሮዋ አንድ ነገር ጠየቋት፣ እሷም «ንጹሕ ናት» አለች። ምን እንደሆነ ላንተ አልጽፍም። ጆሮዬ ድረስ ነው የቀላሁት።

«አባ፣ ሴት መባረክ የለባትም እኮ!» አለ አስናቀ።

«የለባትም» አሉ አባ። «ወጉ እንደዚያ ነው፣ ወንድ እያለ ሴት አትባርክም። ወንዶቹ የታሉ፣ አስናቀ?»

ያንተ ስም አልተነሣም፣ ግን እናና ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

«ድኩላው እነሱ እስኪመለሱ ነፍሱን ይዞ ይጠብቅ ኖሯል?» አሉ። «አራሷ ትብላ። ቤቱም ይብላ።»

ዝም ብል ደግ ነበር። አላስቻለኝም። «አባ፣ አንቱስ ይበላሉ?» አልኩ። እናና ክንዴን መዘለገችኝ። ለሌላ ሰው ፈቅደው ራሳቸው ካልነኩት ግን ውባለም ትጠረጥራለች፤ አውቃታለሁ። እሳቸው አዩኝ፣ አዩኝና ሳቁ። አፋቸው ውስጥ የቀረው ድድ ብቻ ነው።

«በምን ጥርሴ ልጄ? መረቁን አምጪ።»

ተቀቀለ። የመጀመሪያውን ጣሳ ለውባለም፣ ሁለተኛውን ለሳቸው ቀዳሁ። እፍ እፍ እያሉ እስከ አተላው ጠጡትና ጣሳውን ገለበጡ። የሺ ሮጣ ጎጆው በር ላይ፣ «አባ ጠጥተዋል!» ብላ ጮኸች። አስናቀም ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እንግዲህ አባ ከጠጡ...» አለ። እኔ ሸኮናውን ልሰጠው ነበር። አባባ ግን እንደ ወትሮው ሙሉ ድርሻውን ቆርጦ ሰጠው። አባባ እንደዚያ ነው፣ እኔን ያቃጥለኛል።

ውባለም ያን ቀንም ማግስቱንም ጠጣች። ሰኞ ቀትር ላይ እንጨት ሰብሬ ስመጣ ጎጆው ጸጥ ብሏል። ስልቻውም እንጨቱም ከእጄ ወደቀ። ገባሁ። ልጅህ ጡት ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጉርሷን እንደሚቀሟት ሰው ትውጣለች። የመዋጧ ድምፅ ከበር ይሰማል። ውባለም በጣቷ ዝም በይ አለችኝ። እኔ ዝም አልኩ። እኔ! ይህንን ብቻ ለታሪክ ጻፈው።

አሁን እኔና አባባ በየቅዳሜው እንወጣለን። ሲሳካ ይሳካል፣ ሳይሳካም ፀሐይ ሞቀን እንመለሳለን። ሰው በሩ ላይ «ደረስክበት?» ሲለው «ደርሳበታለች» ይላል፣ የሚበላም ይበላል፣ የማይበላም አለ። የማይበሉትን ስማቸውን ይዣለሁ።

ያንተን ድርሻ እናና ቋንጣ አድርጋ ከምድጃው በላይ ሰቅላዋለች። ማንም እንዳይነካው ብላናለች። አንተ ግን ሴት የባረከችውን ትበላ እንደሆነ አላውቅም፤ አንተም የወግ ሰው ነህ፣ እልኸኛም ነህ። አልበላም ልትል ትችላለህ። በደብዳቤ ግን አልቀበልህም። እዚሁ መጥተህ፣ ልጅህን ታቅፈህ፣ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለህ ዓይኔን እያየህ አልበላም በለኝ። እንጣላ። እኔ ልጩህ፣ አንተ ጩህ፣ እናና ታስታርቀን። አልበላም ለማለትም ቢሆን ና።

እስክንጣላ ድረስ
እህትህ ታንጉ