እማዬ የማትቀምሰው ጎደሬ

የካቲት 3
ዝናብ። ከተማሪዎቼ ግማሹ ቀረ። እማዬ እንደ ልማዷ ለእኛ ጎደሬ፣ ለራሷ ስኳር ድንች ቀቀለች። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ የሚወደውን ምግብ ይተዋል፤ ሟቹ ተቀብሮ የሐዘኑ ድግስ እስኪበላ። የእሷ ግን ሃምሳ ዓመት! ሲጠይቋት፣ «ወንድሜ ሲመጣ እበላለሁ» ትላለች...

የካቲት 9
የአጎቴ ልጅ ቲሙንግ ከአደን ተመለሰ። ጃፓኖቹ በጦርነቱ ጊዜ ጋራው ላይ ጥለውት እስከሄዱት ምሽግ ዘልቆ ነበር። «ምን አለ እዚያ?» አልኩት። «ምን ይኖራል? ዝገት፣ ጭቃ፣ አልቅት። ላንቺ የሚሆን ባል አላየሁም።» አፉ አያርፍ።
እማዬ ድንቿን አስቀመጠች። «የምሽጉ ቦይ ውስጥስ ምን በቅሏል?»
ይሄ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው?

የካቲት 10
ጠየቅኳት። ወታደሮቹ ርቧቸው ነበር። ወንድሟን ሞሬንግን የጎደሬ ችግኝ ተሸክሞ ወደ ምሽጉ ወጥቶ እንዲተክልላቸው አዘዙት። አስራ አራት ዓመቱ። ችግኙን ከእናቷ ማሳ ነቅላ ያሰረችለት እሷ፤ ስምንት ዓመቷ። «ሸክሙ ቀላል ነው፣ ቶሎ ትመለሳለህ አልኩት» አለች። ከዚያ አውሮፕላኖች ጋራውን ደበደቡት። አስከሬንም አልተገኘ። ያ የጎደሬ ዘርም ከመንደሩ ጠፋ። «ሥሩ ጋ ቀይ፣ ሲቆረጥ ሐምራዊ ነበር።»
አንድ ቤት እየኖርን ይህን አላውቅም ነበር።

የካቲት 14
ከቲሙንግ ጋር ወደ ምሽጉ ወጣን። የስድስት ሰዓት ዳገት። ጉልበቴ! ጃፓኖቹ የተዉት መድፍ ላይ ዛፍ በቅሎበታል። ቦዩ ውሃ አቁሯል፤ ከዳር እስከ ዳር ጎደሬ። ሥሩ ጋ ቀይ። ቆረጥኩት... ሐምራዊ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቲሙንግ እንኳ አልቀለደም።

የካቲት 15
እማዬ ከቦዩ ነቅለን ያመጣነውን ችግኝ አገላብጣ አየችው። «የእናቴ ነው» አለች። ከሥሩም ይዤላት ነበር፤ አልቀመሰችም። «ይሄ ጫካ የለመደ ነው። መጀመሪያ ቤቱ ይግባ።» ራሷ ተከለችው።

ግንቦት 22
እማዬን ሳል ጠናባት። ከፊንሽሃፌን ከተማ መድኃኒት አስመጣን። «ጎደሬው እስኪደርስ ብቻ» ትላለች። ገና ስድስት ወር... ትደርስበት ይሆን?

ነሐሴ 6
ማሳው ድረስ መሄድ አቃታት። ስንት ቅጠል እንዳወጣ በየቀኑ እነግራታለሁ። አንዳንዴ እጨምርላታለሁ።

ኅዳር 2
ነቀልነው። ቀቅዬ አቀረብኩላት። ለሁለት ከፈለችው። ግማሹን በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ አጠገቧ አኖረች። ግማሹን በላች፤ ቀስ ብላ፣ እስከ መጨረሻው።
ቲሙንግ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድምሽ መጣ እንዴ አክስቴ?» አላት።
«መጣ» አለች። «አሁን እንቅበረው።»
ጥቅሉን ማሳው ዳር ቀበርንላት። ተደግፋ ቆማ ስሙን እየጠራች አለቀሰች።
ለራት ስኳር ድንች አልቀቀልኩም።